ጠማማው ሻማ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በጅማ ጭቃ ላይ፣
የሰው መብራት ሳነብ፣ የሰው ቆጣሪ ሳይ፣
ከሂርማታ ጓሮ እስከ ቦሳ ቂጦ
ውሻ እየጮኸብኝ፣ ደብተሬ ተላቁጦ፣
ጡረታ ወጣሁኝ። አንድ ጋቢ ሰጡኝ፣
አንድ የግድግዳ ሰዓት፤ “ተመስገን ነው” አሉኝ።
ሰዓቱ በወሩ ቆመ።
ጣቴ ግን ቁጥር ለምዶ፣ ሥራ ሲያጣ ታመመ።

ሰሙን አባ ጨብሳ ከጌራ አመጣልኝ፣
በኮባ ጠቅልሎ፣ “ውሰድ” ብሎ ጣለልኝ።
ጭስ ጭስ የሚሸት፣ የንብ ሬሳ ያለበት፣
ጠጅ ጣዮች ጨምቀው የተገላገሉት።
ዋጋ ቀነሰልኝ፣ መልሶ ጨመረ፣
ለወዳጅነት ሲል መሐል ላይ አደረ።

የአማርኛ መምህሬ፣ ነፍሱን ይማርና፣
“ወርቁን አውጣ” ይለኝ ነበር፣ “ሰሙን ግፈፍና።”
እኔ በስተርጅና
ወርቁን ለባለ ወርቅ ትቼ፣
ሰሙን ብቻ ስል አመሸሁ፣ ጓዳ ተጎልቼ።

ሰም ከእሳት ጋር ፊት ለፊት አይነጋገርም፤
ድስት በድስት ውስጥ ነው፣ ውሃ ካልሸመገለ አይታረቅም።
በሸምሲያ አሮጌ ሻሽ አጠለልኩት
(አሮጌ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሷን አልጠየቅኋት)።
ክንፍ ቀረ፣ ስንጥር ቀረ፣ አንድ ሙሉ ጉንዳን ቀረ።
ቢጫው ግን ወረደ፣ ዝግ ብሎ፣
ቀጠሮ እንደሌለው ሰው።

ኮረሪማ ወቅጬ ዘይት ውስጥ ዘፈዘፍኩ፣
ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ፣ ሦስት ቀን አልጋ ሥር አሳደርኩ።
ጠጅ ሳር ጨመርኩበት፣ የብርቱካን ልጣጭ።
“ወጥ ነው ወይስ ሽቶ?” አለች ሸምሲያ፣ ክር እየፈተለች፤
እያጉረመረመች፣ ግን እየፈተለች።

ቀርከሃ ሰንጥቄ፣ በከመነዳሪ አስሬ፣
ክሩን መሐል ሰቅዬ፣ ሰሙን አንቆርቁሬ፣
በማግስቱ ብፈታው
ወገቡ ተሰብሯል፤ ክሩ ወደ ግራ ሸሽቷል፤
አናቱ ጎድጉዷል።
ወይዘሮ እቴነሽ በአጥር ቀዳዳ አይታ፣
“ጧፍ ነው ወይስ የተቀጣ ልጅ?” አለች ተንከትክታ።
ከቁም ሳጥኑ ኋላ ወረወርኩት።

አርባኛው ቀጥ አለ።
የደረቀ የቡና አበባ ጎኑ ላይ ተተከለ፣
ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ከወንድሞቹ ጋር ዋለ።
እንግዳ ሲመጣ ይዳስሳል፣ ያሸታል፣ “ማሻ አላህ” ይላል፤
ማንም አይለኩስም።
አንዲት ሙሽራ ሁለት ገዛች፣ ፎቶ አነሳቻቸው፣
በላስቲክ ጠቅልላ መልሳ ቀበረቻቸው።

ሐምሌ ላይ፣ ከመግሪብ ወዲያ፣ ዝናብ እየጣለ፣
መብራት ሄደ።
ክብሪት ጫርኩ። “እንዳትነካው!” አለች ሸምሲያ።
“ይሄን?” “አበባ አለበት።” “ያንንስ?” “ያንንም።”
አርባ ሻማ ከብቦን ጨለማ ውስጥ ተቀመጥን፣
ዳቦ ቤት ተቀምጦ እንደሚራብ ሰው።

ያኔ መጣችብኝ መንደራ ኮቺ፣ ሰማያዊው በር፣
የሦስት ወር ዕዳ፣ የእኔ መቁረጫ፣ የእኔ መሰላል።
አንዲት ልጅ ደብተሯን ይዛ ደጅ ወጣች፣
የተረፈውን የቀን ብርሃን ልትጨርስበት።
እናቷ አልተራገመችም። ብትራገም ይሻለኝ ነበር።
“መሬቱ ረግረግ ነው፣ መሰላልህ እንዳይንሸራተት”፣
አለችኝ። ይኸው ነው።

ከቁም ሳጥኑ ኋላ ጠማማውን ጎትቼ አወጣሁ፣
አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግሁ፣
ለኮስኩት።
አንድ ጎኑ ቀድሞ አለቀሰ፤ ክሩ ተንጣጣ፣
ተንገዳገደ፣ ቆመ፤ ከዚያ ኮረሪማው መጣ።
ሸምሲያ ዝም አለች።
ትንሽ ቆይታ፣ “ራበኝ” አለች።

እጄ በልማድ እርሳስ ፈለገ።
አንድ ጣት ወረደ። ሁለት ጣት።
ሳየው ለካ ቆጣሪ ነው፣
ወደ ኋላ የሚቆጥር፣
ቢል የማይልክ፣ ማንም መሰላል ይዞ የማይመጣበት።

ነገ ካባራ፣ አንዱን ቀጥ ያለ መርጬ፣
በአዌቱ ድልድይ በኩል ኮቺ እወርዳለሁ።
ለሸምሲያ አልነግራትም፤ አበባ ያለበትን ነው የምወስደው።
በሩ ቀለም ካልቀየረ አላጣውም።