የቀረው

ኡላንባታር ውስጥ፣ ከምድር በታች ባለች ቢሮ
ሥራዬ ማዳመጥ ነው፤ ደመወዜም የጆሮ።
አሮጌ የቴፕ ክር እፈታለሁ፣ አቧራ እጠርጋለሁ፣
የሞተ ሰው ሲያስል ሰምቼ «ሳል» ብዬ እጽፋለሁ።
ውሻ ከጮኸ «ውሻ»፣ ነፋስ ካፏጨ «ነፋስ»፣
ዘፈን እስኪመጣ ድረስ።

ጥቅል ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት፤
ደቡብ ጎቢ፣ የጸደይ ወራት።
የቀጂው ድምፅ የወጣት ነው፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣
«እናቴ፣ ስምዎን?» ይላል።
«ኢችንሆርሎ።»
«ግመል የወለደችውን ስትገፋ የሚባለውን፣
እስቲ ይበሉልን ያንን፣ ሳይጠፋብን።»
ዝምታ። ምድጃ ውስጥ ኩበት ሲንጣጣ ይሰማል።
«ግመሊቱስ የታለች? ለማን ልዝፈን? ለብረት?
ብረት አምጦ አልወለደ፤ ማንን ገፍቶ ሊራራለት?»

ሳቁ። ስኳር ሰጧት መሰለኝ፣ ወረቀት ተንኮሻኮሸ።
ከዚያ አንዲት ቃል ወጣች፦ «ሆስ»፤
ፈረሰኛ ኮረብታውን ወጥቶ፣ ወርዶ፣
ውሃ አጠጥቶ እስኪመለስ
የምትረዝም ቃል።

ሃያ ትንፋሽ ቆጠርኩ። በሃያ አንደኛው ቆመች።
«የቀረውን ግመል ስታመጡ» አለች፤ ሻይዋን ፉት አለች።
ከዚያ ወዲያ ክሩ ይንሾካሾካል እንጂ ቃል የለውም።
መዝገቡ «ያልተሟላ» ይላል፣ በቀይ።

ሃምሳ ዓመት አለፈው። ግመል ያመጣ የለም።
እኔ ግን ባለፈው ሚያዝያ፣ አሸዋው ቁጣው ሳይበርድ፣
ቅጂዋን በስልኬ ይዤ ሁለት ቀን ሙሉ ስወርድ
የልጅ ልጇን አገኘሁ፣ ጸቭልማን፣
ሞተር ብስክሌት ፈታትታ።
«አላውቀውም» አለችኝ፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች፤
«ስታንጎራጉር እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፤ ከዚያ ሞተች።
ትምህርት ቤት የተማርኩት ሂሳብ ነው።»

በማግሥቱ አንዲት ግመል፣ ሌሊቱን ስታምጥ አድራ፣
የወለደችውን ነጭ ግልገል አላይ አለች።
ተጠጋ፤ ዞረችበት። ጡት ፈለገ፤ ረገጠችው።
እግሩ ገና መቆም አልለመደም፤ ይወድቃል፣ ይነሣል።
ዳምዲን፣ ባሏ፣ ባለ ሁለት ጭራውን ማሲንቆ፣
የፈረስ ራስ የተቀረጸበትን፣
ከሻኛዋ ላይ አንጠለጠለው፤ ነፋስ ራሱ መታው።

እኔም ስልኬን ዘረጋሁ።
የሞተችው ሴት ለጠየቀቻት ግመል
ከሃምሳ ዓመት በኋላ መዝፈን ጀመረች።
ግመሊቱ ማመንዠኳን ተወች።
ጆሮዋ ዞረ። ዐሥር ትንፋሽ። ዐሥራ አምስት።
የታችኛው ከንፈሯ ራደ። ሃያ።
ከዚያ መንሾካሾክ።
ከዚያ ምንም።
አንገቷን አዙራ እኔን አየችኝ፣ እኔን፣
ዕዳ እንደሚጠይቅ ሰው፦ የቀረውን።

ያን ጊዜ ጸቭልማ ግንባሯን ከግመሊቱ አንገት አስደግፋ
«ሆስ» አለች። አፍራ። ድምጿ ተሰንጥቆ።
የሞተር ዘይት የሚሸት እጇ ጠጉሩን እያሻሸ፣
ተኝታለች የተባለች ልጅ
ከእንቅልፏ ማዶ የሰማችውን
ከሃያ አንደኛው ትንፋሽ ቀጠለች።

የግመል እንባ አይቻለሁ።
በአቧራማው ፊቷ ላይ ሁለት መንገድ አወጣ።
ግልገሉ ጠባ።

ቀዳሽው ወይ ብትሉኝ፣ ስልኬን አንሥቼ ነበር፤
በኋላ ብሰማው ነፋስ ነው፤ ነፋስ፣
የሚጠባ አፍ፣ የዳምዲን ሳል።

ወደ ምድር ቤቴ ገብቼ መዝገቡን አወጣሁ፤
«ያልተሟላ» የሚለውን ልሰርዝ ቃጣሁ፤
ተውኩት። ከጎኑ አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩ፦
ቀረ።

ኃላፊዬ መነጽሩን አወለቀ።
«ምን ማለት ነው? ተርፎ ነው የቀረ? ወይስ ጠፍቶ?»

«ግመል ያምጡ» አልኩት።