ዕረፍት የመረጠው ሰው

ስምንት ዓመት ሙሉ አሽዶድ ወደብ ቆሜ
ኮንቴነር ቆጠርሁኝ፣ በጤናም በሕመሜ።
ሙሉው ሲገባ ነው ባዶው የሚወጣ፤
ባዶው ሲደራረብ፣ አውቃለሁ፣ ሊመጣ
ነው፣ ያ ስም የለሹ።

ሊአት ልጄ ግን ስሙን ታውቃለች፤ «ዑደት»።
ቤርሼባ ኢኮኖሚክስ ትማራለች፤
የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ማዕበል ትስላለች፣
ጫፍ፣ ቁልቁለት፣ ሸለቆ፣ ዳገት።

«አንዱ ሊቅ፣ አባባ፣ ከፀሐይ ነው አለ፤
በፊቷ ነጠብጣብ እህሉ ጎደለ።
ሌላው፦ ከባንክ ነው፤ ብድር ሲረክስ
ሰው ሁሉ ግንብ ጀምሮ፣ ጣራው ሳይደርስ።
ሦስተኛው፦ ከልብ ነው፣ ከነጋዴ ወኔ፤
ፍርሃት ይጋባል፣ ካንተ ወደ እኔ።»

በሆዴ ዮሴፍን አሰብሁ።
የፈርዖንን ላሞች ሰምቶ ጎተራ ሠራ እንጂ
ማዕበል አልሳለም።

አራተኛው ላይ ድምፅዋ ዝቅ አለ፦
«በዚህ ሞዴል ሥራ አጥ የሚባል የለም፤
ደመወዝ ሲቀንስ ሰውየው አስልቶ
ዕረፍት ይመርጣል፣ ሥራውን ትቶ።»

«ሰውየው ማነው?»
«ሁላችንም። ባንድ ሰው ተመስለን።»

ግንቦት ላይ የተሰጠኝ የስንብት ደብዳቤ
ማቀዝቀዣው ላይ ነው፣ በብርቱካን ማግኔት ተጣብቆ።
ሚስቴ ትርፍነሽ የሰው ደረጃ ልትወለውል
ከማለዳ ወጥታለች።

«እንግዲህ» አልሁ፣ ሸሚዜን እየቆለፍሁ፣
«ዕረፍት ከመረጥሁ
ባሕሩን ልየው።»

ሊአት ሳቀች፤ ከዚያ አልሳቀችም።
ላጲስ አነሣች፣
ከየት እንደምትጀምር ግን አጣች።

እኔ ከሰገነቱ ባዶዎቹን ቆጠርሁ፤
አምስት ድርብ ሆነዋል።
ትናንት አራት ነበሩ።