ሦስት ሚሊሜትር

ፈረንጅ አራዳ፣ ከፎቅ ሥር በገባች ጠባብ ክፍል፣
«ፎቶ ኮፒ፣ ጽሕፈት፣ ላሚኔሽን» በሚል
ቀለሙ በለቀቀ ታፔላ ሥር፣
ነጂባ መጽሐፌን ገጽ በገጽ ስታሰምር
ከጎኗ ነኝ እኔ፣ በፕላስቲክ ወንበር።

ጡረታ የወጣሁ ቀያሽ ነኝ፤ ሰንሰለት
ስጎትት የኖርኩኝ ሠላሳ አራት ዓመት።
ከቦዬ ረግረግ እስከ ጅሬን አናት
ችካሌ ያልቆመበት ጓሮ አለ ጥቂት።

«ጋሼ፣ ህዳጉ» አለች፤ «ከውስጥ በኩል ይስፋ፣
ጥራዙ ሲሰፋ ፊደል እንዳይጠፋ።»
ገባኝ። የወንዝ ዳር ነው፤ ሰው አያርስበትም፣
አዌቱ ሲሞላ ምን እንደሚውጥ አይታወቅም።
ሁለት ሳንቲሜትር ለቀቅኩ። አልከፋኝም።

አስቸጋሪው ፎንቱ። ያ የድሮ ፋይሌ፣
በቢሮ ኮምፒዩተር ማታ ማታ የለቀምኩት ቃሌ፣
እዚህ ሲከፈት ግማሹ ሳጥን ሆነ።
«ሟ» ሳጥን። «ጓ» ሳጥን። «ቧ» ጭራሽ በነነ።
የአባ ጨብሳ ጓሮ ከነእንሰቱ
«ሮ» ብቻ ቀረችው ለምልክቱ።

ሳጥኑን ትክ ብዬ አየሁት፤ አራት ማዕዘን ነው፣
አጥሩ ብቻ ቆሞ ጌታ የሌለው።
ስንት ጊዜ እንዲህ በወረቀት ሣልኩኝ፣
ማን አለበት ብዬ ሳልጠይቅ አለፍኩኝ!

ነጂባ አንድ በአንድ ጓሮውን መለሰች።
መብራት ሄደ። መጣ። ሴቭ አድርጋ ነበረች።
«አሁን ፊደሎቹን ፋይሉ ውስጥ ቀበርኳቸው፣
ማተሚያ ቤት ሲደርሱ ማንም አይነጥቃቸው።»

የተጣላነው ሽፋኑ ላይ ነው።
የቦዬ ማለዳ ነው ፎቶው፣ እኔው ያነሣሁት፤
አረንጓዴው ጠቆረ። ዝም አልኩ። ቻልኩት፣
«ማተሚያው የሚያውቀው አራት ቀለም ነው» ስትል።
ግን ውሃውን ስባ ከጠርዙ ወጣ ብታደርገው፣
«ድንበር ይለፍ?» አልኳት።
                    «አዎ፣ ድንበር ይለፍ፤
ሦስት ሚሊሜትር። ቢላዋው ይስታል፣
                    ነጭ ክር እንዳይተርፍ።»

ቢላዋው ይስታል።
እንዲህ በቀላሉ፣ ማስቲካ እያኘከች።

ቆጪ ላይ ሁለት ነበሩ፣ የአንድ እናት ልጆች፤
ለአንድ ክንድ አጥር ሲካሰሱ ስድስት ክረምት፣
ለካሁ። ፈረምኩ። ማኅተም መታሁበት።
እጅ ይስታል ብሎ ትንሽ ቦታ መተው
ያስተማረኝ የለም፤ የጠየቅሁትም ሰው።
ታናሹ ባህር ዛፉን ከነሥሩ ነቀለ፤
ለእናቱም ለቅሶ ሌላ ድንኳን ተከለ።

ምዕራፍ ስምንት ላይ አለ። «የመሣሪያ ስህተት»
ብዬ ነበር የጻፍኩት።
«‹የመሣሪያ› የሚለውን አጥፊና» አልኳት፣
«‹የእጄ› በይው።»
                    ቀና ብላ አየችኝ። መታችው።
ቃሏ አጠረችና መስመሩ ተሳበ፣
የምዕራፉ ጭራ ወደ ኋላ ተሰበሰበ፣
መቶ ዘጠና ከነበረው ገጽ አንድ ጎደለ።

«በአሥራ ስድስት ነው የሚታጠፈው፤ ሦስት ገጽ ባዶ ይተርፋል።
ፎቶዎ ይግባ? ማስታወቂያም ይሆናል።»
«ተይው» አልኳት። «ለጋራ ግጦሽ።»

የጀርባውን ውፍረት ከወረቀቱ ብዛት አሰላችው፤
አሥር ሚሊሜትር። ሠላሳ አራት ዓመቴን እንዲያ ለካችው።
ስሜ ቁልቁል ተጻፈ፣ ለመደርደሪያ እንዲመች፤
አንገቴን አዘንብዬ አነበብኩት። «ደህና ነው?» አለች።
ደህና ነው።

ፋይሉን «የመጨረሻ» አለችው። የትናንቱም «የመጨረሻ» ነበር፤
ሰባተኛው ነው ይሄ። ፍላሼን ነቅዬ፣ ከፍዬ ስሻገር
አስፋልቱ ይተናል፤ ዝናቡ አባርቷል።
አንድ ባጃጅ ቆሞ «ቆጪ! ቆጪ!» ይላል፣
«አንድ ሰው ይጎድላል!»