የግቢው ቆጠራ

ማለዳ እቆጥራለሁ፣ ደብተሬን ገልጬ፣
ከዳንዴሊ ደን ቢሮ በር ላይ ተቀምጬ፦
ሁለት ጂፕ፣ አንድ ትራክተር፣ ሦስት ሞተር ብስክሌት፣
ሰንደል ጭና የተያዘች ሙሽራ አድርሳ ከቤት፣
የወረቀት አበባዋ ባፍንጫዋ ላይ የነጣ
አንዲት ታክሲ፤ ባለቤቷ አንድ ቀን ያልመጣ።

ከዚያ ደግሞ በሬው።
በሬ የምለው እኔ ነኝ፤ መዝገቡ እንደዚያ አይልም፤
እዚያ ላይ “ማጓጓዣ” እንጂ በሬ የሚባል የለም፤
ቁጥር አርባ ሰባት፣ ቀንዱ ላይ በቀለም።
ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው፦ መጋዝም፣ ጀልባም፣ ጋሪም፣
ከብትም ቢሆን፣ ግንድ ከጎተተ አይምርም።
በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል፤
ይሄኛው ሁለቱንም አላየ፤ ታስሮ ተነድቷል።
ሳሩን እኔ አጭዳለሁ፤ ማን በጀት ይዞለት?
ቅጹ ላይ ነዳጅ እንጂ ድርቆሽ የሚል የለበት።

ከውኃ ጋኑ ሥር ያለው የጋንጋቫ ነው፤
ባሏ ሲሞትባት በባንክ ብድር የገዛችው፣
ግንባሩ ላይ ስሙን በቢጫ ያስጻፈችው።
ወር በገባ ባምስተኛው፣ ደረሰኟን በመሐረብ ቋጥራ፣
ትመጣለች፤ ለቆመ መኪና የከፈለችውን ቆጥራ።
“ጋቢና ልቀመጥ?” ትለኛለች፣ የበሩን ይዛ ጥግ፤
እከፍትላታለሁ፤ መቀመጥ አልከለከለም ሕግ።

ሹፌሯ ኢራና ነበር፤ ከላይ የሩዝ ገለባ፣
ከሥር አሥራ ሁለት የቲክ ግንድ፤
ኬላው ላይ መብራት ሲበራ ዘሎ ጫካ ገባ።
መኪናው መዝለል አይችልም፤ እሱን ያዝን እኛም፤
“አህያውን ፈርቶ ዳውላውን” የሚል አይጠፋም።
ግንዱን ያዘዘው ግን፣ የመጋዝ ቤቱ ጌታ፣
ስሙ የትም የለም፣ ዶሴው ቢገለበጥ፣ ቢፈታ።

ሕጉ ለማያውቅ ባለንብረት ጠባብ በር ትቷል፤
አላወቅሁም ብሎ ያስረዳ ንብረቱን ይወስዳል።
ጠበቃዋም ይህንኑ ደጋግሞ አስጠንቷታል።
ሹሙ መነጽሩን አውልቆ “ታውቂ ነበር?” አላት።

ማራገቢያው ጣራው ላይ ይዞራል።
ወረቀቶች ይነሣሉ፣ ይተኛሉ።

“ሸራውን ማን አጠበው?” አለች።
“ቲክ ሲቆረጥ ሽታው እንደ ቆዳ ነው።
ሌሊት ሲመለስ ሸራው ይሸት ነበር፤ እኔ ነኝ ያጠብኩት።
የባንኩ ቀን ደርሶ ነበር። አልጠየቅሁትም እንጂ
አውቅ ነበር።”

ጠበቃው ዓይኑን ጨፈነ።
ተወረሰ።

ጨረታው ዝናብ ሊገባ ሲል ሆነ፤ ለግንዱም፣ ለመኪናውም፤
ሰባት ሰው መጣ፤ ስድስቱ ዋጋ አልጠሩም።
ሰባተኛው የመጋዝ ቤቱ ጌታ የእኅት ልጅ፣
ሁለቱንም ገዛ፤ ማኅተም ያለው ወረቀት በእጅ።
በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።
“መልካም መንገድ” ማለቴም ትዝ ይለኛል፤ አፌ ለምዶ።

ጋንጋቫ ባምስተኛው ቀን መጥታ ባዶውን ቦታ አየች፤
ደረሰኟን ከመሐረቡ ፈትታ መልሳ ቋጠረች።
“ስንት ወጣ?” አለች። ነገርኳት።
“ከቀረብኝ ዕዳ ያንሳል።”
ከዚያ ጎንበስ ብላ ለበሬው ሳር ነጨችለት።
ከዚያ ወዲህም አልቀረች፤ ለእሱ ትመጣለች።

ትናንት ሌሊት ከኬላው ተደወለ።
ገና ጭቃው ውስጥ ሲያቃስት፣ በሞተሩ ሳል ለየሁት፤
ሰማያዊ ቀብተውታል፤ ባትሪዬን ግንባሩ ላይ ሳበራበት
ከአዲሱ ቀለም ሥር የሟቹ ስም ቢጫ ሆኖ ይነበባል።
ከላይ የሩዝ ገለባ። ሹፌሩ የለም።

የት ላቁመው? ከውኃ ጋኑ ሥር
የዘይቱ ነጠብጣብ እንዳለ ነው፤
በዚያው ላይ አቆምኩት፣ ጎማ በጎማ ልክ።
ደብተሬን ገልጬ ብዕሬን እንደያዝኩ ቀረሁ፦
አዲስ ቁጥር ልስጠው ወይስ ያንኑ?
ለተመለሰ ዕቃ ዓምድ የለም።

በሬው ቀና ብሎ አሸተተው፤ ወደ ሳሩ ተመለሰ።
ሊነጋ ነው።
ዛሬ ወሩ በገባ አምስተኛው ቀን ነው።