ለጊዜው

«መጀመሪያ እጀታው!» ይጮኻል አባቴ፣
ገና ከሳጥኑ ሳይወጣ ካቻቢቴ።
«ከጀርባው ፒን አለች፣ የተሸሸገች፣
በቀጭን ሽቦ ጫፍ ኮርኩሪያት፣ ራሷ ትወጣለች።
በመዶሻ አይደለም። ሰማሽ? በመዶሻ አይደለም።»
የራሱ እጅ ግን ጉልበቱ ላይ መንቀጥቀጡን አልተወም።

ሚሌ ቼንቶ ፊያት፣ ቀለሟ የቆየ ቅቤ፤
ስንቴ ኦሮፓ ወጣሁባት፣ ከኋላ ወንበር፣ በልጅ ልቤ።
በእናቴ በኩል ያለው መስታወት
ስንዝር ሲቀረው ቆሟል፤ መውጣት የለ፣ መውረድ የለ፣
የቼርቮ ወንዝ ንፋስ በዚያች ስንዝር እየሾለ።
ዴልፊና፣ እናቴ፣ ከሰኔ በቀር
ሻርፕ ሳትጠመጥም ገብታባት አታውቅም።
«ኤርሜቴ፣ ይህ መስታወት?» ትለዋለች።
«የሚመጣው ሳምንት» ይላታል።
ሳምንት ምን ገዶት፤ ይመጣል፣ ያልፋል፣ ይረሳል።
እሷም አለፈች። ዘንድሮ ሦስተኛ ክረምቷ ነው።

ገበሩን ስገፈው መያዣዎቹ ጧ! ጧ! አሉ፤
ሁለቱን ዝገት በልቷቸው፣ ሲነኳቸው ብስኩት ይመስላሉ።
ከገበሩ ስር የሬንጅ ወረቀት፣
ላጥኩት በቢላ ስለት፣
እንደ ቁስል ፕላስተር፣ ቀስ፣ ቀስ፣ ከጥግ በኩል፤
ከዚያ የበሩ ሆድ፦ ጨለማ፣ የተርብ ጎጆ፣ የደረቀ ቅጠል፣
የውሃ መውጫዋ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍና፣
የግርጌው ላሜራ እንደ በርበሬ ደቆና ልሞና።
ገመዱ ተበጥሷል፤ ሽቦው እንደ ሽማግሌ ፂም ተበታትኖ
ከመዘውሩ ተንጠልጥሏል፣ ሥራ ፈቶ፣ ቦዝኖ።

ታዲያ ይህን መስታወት ማን ነው አቁሞ ያኖረው?

ሽብልቅ ነው።
አንዲት የጥድ ቁራጭ፣ በሰንጢ የተሳለች፣
መስታወቱን ከስር ሃምሳ ዓመት ተሸክማ የኖረች።
ጎኗ ላይ በአናጢ እርሳስ፣
ገና ባልተንቀጠቀጠ እጅ፣ ፊደሉ ቀጥ ብሎ፣
«ለጊዜው» ይላል፤ ከስሩም
«ኖቬምበር፣ ሰባ አንድ»።

ወሰድኩለት። መነጽሩን ገፋ አደረገ፣ አገላበጠው።
«ጥሩ ጽሕፈት» አለ። «አናጢው ማን ነው?»
ወደ በሩ ተመለስኩ፣
ብሎን የጠፋብኝ መሰልኩ።

ትንሿን ባለ ሦስት ማዕዘን መስኮት አስቀድሜ ነቀልኳት፤
ጎሚኒዋ ድንጋይ ሆኗል፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና አባበልኳት።
ትልቁን መስታወት ወደ ፊት አዘነበልኩ፣
እንደ ተኛ ሕፃን ብብቱን ይዤ ወደ ላይ መዘዝኩ።
በኮምጣጤ አጠብኩት፤ ጠራ፤
አንዲት መስመር ግን፣ ጎሚኒው ከንፈሩን አሳርፎ የኖረባት፣
ብፈትግ፣ ብፈትግ፣ አልለቅም አለች።

አዲስ ገመድ። ግሪስ። የግርጌውን ቀዳዳ በሚስማር ከፈትኩ።
የመስታወቱን ቦይ በሱፍ ለበጥኩ፣
እናቴ ሠላሳ ዓመት ማሽን ላይ ከቆመችበት ፋብሪካ፣
ከበሩ አጠገብ ካለች ሱቅ፣
ብጣሹን በኪሎ ገዝቼ።
(ሻጯ ልጅ አላወቀችኝም። ለምን ታውቀኛለች።)

ሲመሽ ገጠምኩት።
አባቴን ደግፌ በእሷ ወንበር አስቀመጥኩት።
እጀታውን ያዘ። ያ እጁ
ከሚዞር ነገር ጋር ሲዞር መንቀጥቀጡ አይታይም ለካ።
ወጣ። ወረደ። ደግሞ ወጣ፣ ጣሪያውን እስኪነካ፤
ኮሽታ የለም።
የደጁ ብርድ በደጅ ቀረ። የሁለታችንን ትንፋሽ ሰማሁት።

«አየህ አባባ፣ ተዘጋ» አልኩት።

አልመለሰልኝም። መልሶ ማውረድ ጀመረ፣ ቀስ እያለ፣
ያቺ መስመር ጎሚኒው ውስጥ እስክትሰምጥ፤
ቆመ። ስንዝር።
«እዚህ ጋ ነው» አለ። «ድሮም እዚህ ነበር።»

እጀታውን ለቀቀ፤
የኮቱን አንገትጌ ወደ ላይ አነሳ።