ድምፅ የሌላት ፊደል

ፎሻን፣ ከወንዙ ዳር፣ ከኑድል ቤቱ ፎቅ ላይ፣
ማክሰኞ ምሽት ነው፤ ዝናቡ አልቆመም ከሰማይ።
ከታች ድስቱ ይንተከተካል፣ ከላይ ወንበር ይንቋቋል፣
ግማሹ ክፍል ያዛጋል፣ ግማሹ በጠመኔ ብናኝ ይስላል።

ከሃርቢን የመጣችው መምህርት ፋን፣ ቃል ጻፈች በሰሌዳ፦
"መስል" ብላ አነበበች፤ "ጡንቻ ነው፤ ለአፍ ቀላል፣ ለእጅ ዕዳ።
መሐል ያለችውን ‘ሲ’ እዩዋት፤ ድምፅ የላትም፣
ትጻፋለች እንጂ አትነበብም።"

ሎክ ታት-ሺንግ ከኋላ እጁን አነሣ በዝግታ፣
አርባ ዓመት ሩዝ ያወረደ፣ ከመርከብ፣ ጠዋትና ማታ።
እንግሊዝኛ የጀመረው ለልጅ ልጁ ነው፤ ሊቨርፑል ተወልዳ
በስልክ መስኮት "ሃሎ" ትለዋለች፣ እንደ እንግዳ።

"ድምፅ ከሌላት" አለ "ታዲያ ምን ትሠራለች እዚያ?
እኛ ወደብ ላይ ሥራ ፈት አይቆምም ያለ ጆንያ።"

መምህርቷ ፈገግ አለች፤ ትናንት ሌሊት ለዚህ ነበር
ሻይዋ ሳይነካ ያደረው፣ መዝገበ ቃላት ስትመረምር።
"የጥንት ሮማውያን ክንዳቸውን አጠፉና አዩ፤
ከቆዳ ሥር ሽው የሚል፣ የሚያብጥ ነገር ለዩ፤
‘ትንሿ አይጥ’ አሉት። ቃሉም ፈረንሳይ አድሮ
እንግሊዝ ገባ፣ ጡንቻ ተብሎ፣ አይጥ መስሎ ኖሮ።
ያቺ ዝምተኛ ‘ሲ’ም ‘ትንሿ’ ከሚለው የቀረች ፍርፋሪ ናት፤
አይጢቱ ጉድጓዷ ውስጥ ነች፣ ለዚህ ነው የማትሰሟት።"

መገረም ጠበቀች።
ሹት-ሊን፣ ሳህን አጣቢዋ፣ አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች፤
ክፍሉ ተከተላት፤ መምህርቷ ጠመኔ ጨብጣ ቀረች።

"መምህር" አለ ሎክ፣ እጅጌውን እየጠቀለለ፣
"እኛም እኮ ‘ሎው ሲዩ ጻይ’ ነው የምንለው" አለ፤
"ትንሽ አይጥ! አባቴ ‘እስቲ አይጥህን አውጣት’ ይለኝ ነበር።
ማነው ለሮማ የነገረው፣ የኛን ሰፈር ምሥጢር?"

ማንም አልነገረም።
ክንድ ክንድ ነው፣ የትም አገር።

ከዚያ ክንዱን አጠፈ፤ ጥርሱን ነክሶ አጠፈ፣
ደም ሥሩ ተገተረ፣ ላብ ግንባሩ ላይ አረፈ።
ቆዳው ብቻ ተንጠለጠለ፤ አይጧ አልወጣችም።
"አለች" አለ።
"አለች፤ አትነበብም።"

ማንም አልሳቀም። እሱም ወደ ደብተሩ ጎንበስ ብሎ
ቃሉን ጻፈ፤ መጀመሪያ ‘ሲ’ን ዘሎ፣
ኋላ ግን ተመለሰ፤ በሁለት ፊደላት መካከል
በቀስታ ሸጎጣት፣
እንዳትነቃ ያህል።