ሁለተኛው ቁልፍ

ከመስታወቱ በላይ፣ ከመኪናዋ ጣራ፣
ሽምብራ የሚያካክሉ ሦስት ቁልፎች አሉ በተራ።
ሁሉም ቁልፍ ነው በእኛ አፍ፣ የሸሚዝ ሆነ የበር፤
ይኸኛው ግን ቀዳዳ አይሻም፤ ሥራው ከሩቅ መናገር።
አንደኛው ባዶ ነው። ሦስተኛውም ባዶ።
ሁለተኛው ብቻ ያውቃል፣ ቤታችንን ለምዶ።

አባዬ ነው ያስተማረው። አንድ እሑድ ሙባረክን ጠርቶ፣
የበሩን ሪሞት ከመስታወቱ አፍንጫ ሥር አስጠግቶ፣
"ጫን... ልቀቅ... ደግመህ ጫን" እየተባለ፣
ቀይዋ ነጥብ ቶሎ ቶሎ እስክትጠቅስ ታገለ።
ከዚያ፣ ካዛንቺስ፣ ከሸክላው አጥራችን መሃል፣
ግርርር... በራችን ያለ እጅ ሄደ፤ ማን ያምናል?

ሊገባ ብሎ ወጣ፣ ሊወጣ ብሎ ገባ፤
እናቴ በመስኮት አይታ አይታ፣ ከሳቋ ጠረገች እንባ።
ጋሽ ወልደየስ ግን፣ በጥሩንባ ሁለቴ ሲጠራ የኖረ፣
አንድ እግሩን ተጫምቶ አንዱን ባዶ፣ ሮጦ ሲከፍት የነበረ፣
"እኔስ እንግዲህ ምን ልጠብቅ?" አለ ቆቡን እያወለቀ።
"መብራት የሄደ ዕለት!" አለው አባዬ። እሱም ሳቀ።
መብራትም አላሳፈረውም፤ በሳምንት ሁለቴ ሄደ፤
ጋሽ ወልደየስ በትከሻው፣ በሩን እየገፋ ወሰደ።

አባዬ አረፈ።
መኪናዋ ለእኔ ደረሰች።
በዓመቱ ካዛንቺስ ፈረሰች።

ወንድሜ ናሁሰናይ በሩን ከነሞተሩ፣
ምናለሽ ተራ ሸጠው። "ብረት ነው" አለ በአጭሩ።
ስንት እንዳወጣ አልጠየቅሁም።
አሁን አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ እሷም ውጭ ታድራለች በሸራ ተሸፍና፤
የሚከፈትልን ግቢ የለም፣ ለእኔም ለእሷም እንደገና።

ግን እጅ አመል አለው።
ከሥራ ስመለስ፣ በዚያ በሰፋው ጎዳና ላይ፣
ሳሎናችን የነበረበት የሚመስለኝን ሳይ፣
(አሁን ብስክሌት መንገድ ነው፤ ችግኝ ተተክሎበታል)
እጄ ወደ ጣራው ይወጣል፤ ሁለተኛውን ይጫናል።
ነጥቧ ትጠቅሳለች። "ክፈት" ትላለች፣ ድሮም የተከፈተውን፤
የበሩን ስም ታውቃለች እንጂ፣ አልሰማችም የሆነውን።

ባለፈው ሐሙስ፣ ቀበና፣ ድልድዩ ሳይደርስ፣
መኪና ከመኪና ተጣብቆ፣ ዝናቡ ሁሉን ሲያርስ፣
እንዲሁ፣ ለአመሌ ያህል፣ ተጫንኩት።

በስተግራ፣ ከአንድ ግንብ መሃል፦
ግርርር።

ድምፁን አወቅሁት። መሃል መንገድ ላይ የሚያነክሰውን፣
ቆም ብሎ፣ ትንፋሽ ስቦ፣ ደግሞ የሚቀጥለውን።
አረንጓዴ ቀብተውታል። ግን ከታች፣ ከቀኝ በኩል፣
በብስክሌቴ ያጎደጎድኩት አለ፣ ብርቱካን የሚያክል።

ውስጡ የማላውቀው ግቢ ነው። ሰማያዊ በርሜል፣
ከገመድ ያልገባ ዩኒፎርም፣ ዝናብ የሚደበድበው፤
አንዲት ልጅ ከበረንዳ ላይ፣ ደብተሯን ጥላ፣
"አባዬ መጣ!" ብላ ሮጠች፤
መኪናዋን አይታ ቆመች።

ከኋላዬ ታክሲው ጥሩንባውን ለቀቀው።
ዘበኛው ፌስታል በራሱ ደፍቶ ብቅ አለ፤ "ማንን ፈለጉ?"
"ተሳስቼ ነው" አልኩት።

ሁለተኛውን ደገምኩት፤
ከሰው ቤት እንደሚወጣ እንግዳ፣
በሩን ቀስ ብዬ መለስኩት።